ከሁለተኛው አዝማች በኋላ

ባህ ቴይቦርላንግን የገደለው የከሰል ጭስ መሆኑን ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር። የዘፈን አስተማሪው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ፊቱ ቀላ ብሎ፣ ደህና እንቅልፍ የወሰደው ሰው መስሎ ነው ዓርብ ከሰዓት አልጋው ላይ የተገኘው። እግርጌው አጠገብ አመድ የለበሰ የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል። መስኮቱ ዝግ ነው። የህንዷ ደጋ ከተማ የሺሎንግ የታኅሣሥ ብርድ ሰውን እንዲህ ያዘናጋል።

መርማሪ ባላሪሻ ስዌርም «ድንገተኛ አደጋ» ብላ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አውጥታ ነበር። ሃምሳ ዓመቷን የደፈነች ሴት ናት፤ ከጉንጯ ኩዋይ አይጠፋም፤ ቅጠሉንና ፍሬውን ስታኝክ ከመኖሯ የተነሣ ከንፈሯ ሁልጊዜ ቀይ ነው። አገሬው እትዬ ለማለት «ኮንግ»፣ ጋሼ ለማለት «ባህ» ይላል፤ ጣቢያ ውስጥ «ኮንግ ባላ ስትናገር አትፍራ፣ ዝም ስትል ፍራ» ይሏታል። አሁን ዝም ያለችው ከአልጋው በላይ ባዶውን የቀረ ምስማር አይታ ነው። በምስማሩ ዙሪያ የግድግዳው ቀለም በጊታር ቅርጽ ነጣ ብሏል።

«ጊታሩ የት አለ?» አለች።

የሟች ሚስት ኮንግ ፊዳሊያ በር ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ያላለቀሰችው አዝና ይሁን ተናዳ ለመለየት ያስቸግራል። «ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ። ባሌ ሞቶ ስለ እንጨት ይጠይቁኛል?»

«እኩለ ቀን ላይስ የት ነበር?»

«እዚህ፣ ጠረጴዛው ላይ። ሠላሳ ዓመት ምስማር ላይ የኖረ ጊታር ዛሬ ጠዋት ሣጥን ገባ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔና እሱ ስለዚያ ጊታር ማውራት ካቆምን ቆይተናል።»

«እርስዎ ነዎት ወደ ኮሪደር ያወጡት?»

«እኔ? እጄን ላሳርፍበት? እኔን ካቀፈኝ ይልቅ እሱን ያቀፈው ይበዛል፣ ኮንግ። የማወጣው ቢሆን ኖሮ ወደ ማንደጃው ነበር የማስገባው።»

ባላሪሻ ወደደቻት። «እሺ፣ በሩን ሲከፍቱ ምን አዩ?»

«አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ከእንቅልፉ አልነሣ አለ። ሁልጊዜ የሳል ሽሮፑን ጠጥቶ ከስምንት እስከ አሥር ይተኛል፤ ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ እህቴ ጋ ውዬ መመለሴ ነበር። ልከፍት ስል ጆንያ አደናቀፈኝ፤ በእግሬ ገፋ አድርጌው ገባሁ።»

«ጆንያው ከበሩ ውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ ነዋ! ከውስጥ ቢሆን እንዴት ያደናቅፈኛል?» አለችና አፏን ያዘች። አልጋው ላይ የተኛ ሰው የበሩን ሥር ከውጭ በጆንያ ሊወትፍ አይችልም። ባላሪሻ እስክሪብቶዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

ከመውጣቷ በፊት ሁለት ነገር አየች። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን፣ በቀይ ጥብጣብ የታሰረውን ሣጥን ፈትታ ውስጡን ተመለከተችና መልሳ አሰረችው። ከዚያ የሙዚቃ ወረቀት ማስቀመጫው ላይ በሴት እጅ የተጻፈ አንድ የዘፈን ወረቀት አገኘች። ሁለት አንቀጽና አዝማች አለው። የታችኛው ግማሽ ተቀዷል።

የጣቢያው አዛዥ ባህ ኪትቦክ ጉዳዩን የጨረሰው በአምስት ደቂቃ ነው። ማንደጃውም ጆንያውም ከአስተማሪው ቤት ሥር ያለው የሻይ ቤት ንብረት ናቸው። የባለ ሻይ ቤቷ ልጅ ኢባሺሻ የአስተማሪው ተማሪ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «እርስዎ ካልሞቱ እዚህ ቤት ዘፈን አያልቅም!» ብላ በሩን ደርግማ ወጥታለች።

«ነገ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስራታለሁ» አለ ኪትቦክ። «እስከዚያ ሌላ ሰው ካገኘሽ አምጪ።»

ኢባ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ባላሪሻ ቅዳሜ ጠዋት ስታገኛት እናቷ ጃዶ የሚባለው የሩዝና የሥጋ ምግብ ከሚበስልበት ድስት ጀርባ ቆማ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ልጅቷ ግን ደንዝዛ ተቀምጣለች።

«ማንደጃው የኛ ነው፣ ኮንግ። ከጓሮ ነው የተወሰደው። ጓሯችን አጥር የለውም፤ ለእናቴ ስንቴ ነግሬያታለሁ።»

«ባለፈው ቅዳሜ ለምን ተጣላችሁ?»

«በመሻገሪያው ነው።» ኢባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ባህ ቴይ እንዲህ ነው የሚያስተምሩት፤ አንቀጽ፣ አዝማች፣ እንደገና አንቀጽ፣ አዝማች። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ መሻገሪያ ይመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ። እስከዚያ በዘፈኑ ውስጥ ባልተሰማ ኮርድ፣ በአዲስ የድምፆች ቅንጅት፣ መጀመር አለበት። እኔ ያመጣሁትን አይተው 'አዝማቹን ኮት አልብሰሽ ነው ያመጣሽው' አሉኝ። ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን ልክ ናቸው።»

«ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ላይ ስትወጪ ጎረቤት አይቶሻል።»

«አዲሱን ልሰጣቸው ነው የወጣሁት። ዘፈኑ ሦስት ኮርድ ነው ያለው፤ ሲ፣ ኤ ማይነርና ጂ። መሻገሪያው በዲ ማይነር ይጀምራል። ተራው ዲ ግን አይበቃውም፤ ዘፈኑ ሳይጀመር ወፍራሙን ክር ማላላት ያስፈልጋል። ያኔ ድምፁ ከመሬት ሥር ይመጣል። እናቴ ትልቁን ድስት ስትጥል ከሰማሁት ድምፅ ነው እሱን ያገኘሁት።»

«ምን አሉሽ?»

«ሁለቴ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። 'ነገ ለሁሉም ትዘፍኝዋለሽ' አሉኝ፤ አለቀ።» እዚህ ላይ ልጅቷ አለቀሰች።

«ሌላ ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ሕጋቸው እኮ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በምንሰበሰብበት የተማሪዎች ማኅበር ፊት እስኪዘፈን መሻገሪያ ለማንም አይነገርም።»

ባላሪሻ ቀና ስትል የኢባ ጊታር ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ አየች። ሆዱ ላይ ሁለት ረጃጅም ስንጥቆች አሉ፤ በፕላስተር ተለጥፈዋል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ እንጃ። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ፤ በየብርዱ ወራት አንድ መስመር ያወጣል።»

ባላሪሻ ከምድጃው ወደ ስንጥቆቹ ተመለከተች። የቤታቸው የበኩር ልጅ ነበረች። አጎቷ እሷንና ታናሿን ዳፊራን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጊታር ሲያስተምር በመጀመሪያ የገባት ነገር ጊታር ከእሳት አጠገብ እንደማይሰቀል ነው። እሷ ጣቷ እስኪደማ ትለማመድ ነበር። ዳፊራ ግን አፏን ስትከፍት ሰፈሩ በር ላይ ይቆማል። እናታቸው ስትሞት ቤቱ እንደ ወጉ ለመጨረሻዋ ሴት ልጅ ሆነ፤ በዚህ ባላሪሻ ቅር አላላትም። አጎቷ ጊታሩንም አብሮ ለዳፊራ ሲሰጥ ግን ቅሬታው አልወጣላትም። ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ እዚያ ቤት ስትሄድ ጊታሩ ወዳለበት ግድግዳ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው።

ታክሲ ነጂው ባህ ፕሮስፐር ከማኅበሩ ተማሪዎች ሁለተኛው ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ አራት መንገደኞች ጭኖ ሶህራ የምትባል ሩቅ ከተማ ነበር፤ አራቱም መስክረውለታል።

«እኔ ሦስት ኮርድ ነው የማውቀው፣ ኮንግ። በሦስት ኮርድ ሰው አይገደልም፤ ቢበዛ ይሰለቻል።»

«ሌላው ተማሪ ባህ ዋንፍራንግስ?»

«እሱማ ጌታ ነው! ክሩን ሳይቃኝ የእግዜር ሰላምታም አይሰጥ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ አዘጋጅቶ፣ ጥፍሩን ሞርዶ ነው የሚቀመጠው። እኔ መሀል ላይ ኮርድ ስፈልግ እሱ ግጥሙን ጨርሶ ሻይ ይጠጣል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ግን ሻዩን አይጨርስም።»

ሦስተኛው ተማሪ ዋንፍራንግ የባንክ ጸሐፊ ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፤ ሸሚዙ እስከ ላይ የተቆለፈ። ቤቱ ውስጥ አንድ ጊታር ብቻ አለ፤ በሐር ጨርቅ ተጠቅልሎ ከመስኮትም ከምድጃም ርቆ ተቀምጧል። ባላሪሻን በኩዋይ ተቀበላት፤ ቅጠሉን በሥርዓት አጥፎ።

«ባህ ቴይን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ማክሰኞ ነው» አለ። «ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ገበያ ነበርኩ። ብርቱካን ገዛሁ።»

«የኢባን ዘፈን ያውቁታል?»

«አንቀጾቹንና አዝማቹን። ባለፈው ቅዳሜ ሁላችንም ሰምተናል፤ አብሬያትም ተጫውቻለሁ። መሻገሪያውን ግን ማንም አልሰማውም።»

«የእርስዎን ዘፈኖችስ ምን ይሏቸው ነበር?»

«'ንጹሕ ነው' ይሉኛል።» ፈገግ አለ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንጹሕ ነው።»

ባላሪሻ ያችን ፈገግታ ታውቃታለች። ዳፊራ ቤቱን አስጠግና ዘመድ ስትጋብዝ ባላሪሻ ራሷ ለብሳት ውላለች። በመንገድ ስትመለስ ኩዋዩን ተፋችው፤ መረራት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በማኅበሩ በተለመደው ሰዓት፣ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። አልጋው ተነጥፏል። መስኮቱ ተከፍቶ ብርዱ እየገባ ነው፤ ዝጉት ያለ ሰው ግን የለም። ኮንግ ፊዳሊያ ለሁሉም ኩዋይ አደለች፤ ኢባ ጋ ስትደርስ ሳህኑን አሳልፋ ሄደች። ባህ ኪትቦክ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆሟል።

«መጀመሪያ ለባህ ቴይ እንዘፍንላቸው» አለች ባላሪሻ። «የመጨረሻ ያረሙት ዘፈን የኢባ ነው። ኢባ፣ አንቺ ዝፈኝ፤ ጊታሩን ተይው። ባህ ዋንፍራንግና ባህ ፕሮስፐር ያጅቡሻል።»

«ኮንግ፣ ቀልድ ነው?» አለ ኪትቦክ።

«አምስት ደቂቃ፣ ባህ።»

ፕሮስፐር ጊታሩን ከመኪና መወልወያ ጨርቅ ውስጥ አውጥቶ ወዲያው ጭኑ ላይ አደረገ። ዋንፍራንግ የራሱን ከሐሩ ፈታ፤ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ፤ አንዱን መቃኛ ትንሽ አዞረ፤ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። ጀመሩ።

ዘፈኑ አባቱን የጭጋግ ቀን ሸኝቶ፣ መንገዱ ሲጠራ እሱን ሳይሆን መንገዱን ብቻ ስላየ ሰው ነው። ኢባ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሁለት አንቀጽ አወጣች። ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ባላሪሻ እጇን አነሣች።

«ይበቃል። ኮንግ ፊዳሊያ፣ ለልጅቷ ኩዋይ ይስጧት። ባልዎን የገደለችው እሷ አይደለችም።»

ኪትቦክ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ከጊታሩ እንጀምር» አለች ባላሪሻ። «ዓርብ ቀን ጊታሩ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ባህ ቴይ ሲሞቱ ግን ኮሪደር ላይ ነው። ማንደጃውን ያስገባው ሰው ጊታሩን አስቀድሞ አውጥቶታል። ለምን? ከሰል በነደደበት ክፍል እንጨት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። የተኛው ሰው ይሙት፤ ጊታሩ ግን አንድ መስመር እንዳያወጣ።»

ኮንግ ፊዳሊያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኮንግ ፊዳሊያ ይህን ጊታር ለማዳን ጣታቸውን አያነሡም፤ ራሳቸው ነግረውኛል። ኢባ ደግሞ የራሷን ጊታር ከምድጃ በላይ ሰቅላ ለምን እንደሚሰነጠቅ አታውቅም። ባህ ፕሮስፐር ሶህራ ነበር።»

«ሶህራ ባልሆንም የኔ ጊታር የሚተኛው ከመኪናዬ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው» አለ ፕሮስፐር ቀስ ብሎ።

ዋንፍራንግ ጊታሩን አልለቀቀም። «እንጨት የሚያውቅ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እንዴ፣ ኮንግ?»

«አይደለም። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ኢባ፣ መሻገሪያሽን ለመጫወት ዘፈኑ ሳይጀመር ምን ማድረግ ያስፈልጋል?»

«ወፍራሙን ክር ማላላት።»

«ለአንቀጹና ለአዝማቹስ?»

«ኧረ ለነሱ አያስፈልግም። እንዲያውም ያስቸግራል፤ ጂ ሲመጣ ወፍራሙ ክር ይበላሻል።»

«ባህ ፕሮስፐር፣ እስቲ ወፍራሙን ክርህን ምታው።»

ፕሮስፐር መታው።

«ባህ ዋንፍራንግ፣ እርስዎም የእርስዎን።»

ዋንፍራንግ አልመታም። ባላሪሻ ተራምዳ ደረሰችና ጣቷን ሰደደች። ድምፁ ከፕሮስፐር ጊታር ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ ወፍሮ፣ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ኢባ ከወንበሯ ተነሣች።

«ባለፈው ቅዳሜ ሲያጅቡኝ እንዲህ አልነበረም» አለች።

«አልነበረም። ዛሬ ሁለቱን አንቀጽና ሁለቱን አዝማች ወፍራሙን ክር በአውራ ጣት አፍነው ነው የተጫወቱት፤ ጂ ላይ እንዳያጋልጣቸው። አይቻለሁ። ለማያስፈልግ ነገር ይህን ያህል የሚቸገር ሰው የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ካልሆነ። ባህ ዋንፍራንግ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያዘጋጁ ሰው ናቸው። እጃቸው ተዘጋጀ፤ ማንም ያልሰማው መሻገሪያ እየመጣ መሆኑን እጃቸው አወቀ። ኢባ ለባህ ቴይ የሰጠችው ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እሳቸው ስምንት ሰዓት ላይ ተኙ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው እርስዎ የሰሙት፤ ማክሰኞ አይደለም።»

ባላሪሻ ጊታሩን ከእጁ ወሰደችና ወዘወዘችው። ሆዱ ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ጣቷን አስገብታ አራት የታጠፈውን የታችኛውን ግማሽ አወጣች።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

ዋንፍራንግ ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ትዕግሥት ሁሉ ረገፈ። «ይህን ማን ያቃጥላል?» አለ። «አንብበውታል? እንዲህ ያለ ነገር ይቃጠላል?»

ዓይኑን ከወረቀቱ ሳይነቅል ቀጠለ።

«ጊታሬን እንዳነገብኩ ብርቱካን ይዤላቸው ነው የመጣሁት። በደስታ አብደው አገኘኋቸው። ሕጋቸውን ራሳቸው አፍርሰው በኔው ጊታር መሻገሪያውን ተጫወቱልኝ። ሲጨርሱ ትከሻዬን ይዘው 'ዋንፍራንግ፣ አሥራ አንድ ዓመት ይህን ስጠብቅ ነበር' አሉኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ለኔ! አሥራ አንድ ዓመት በየቅዳሜው የመጣሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ስምንት ወሯ ነው። ድስት ሲወድቅ ሰምታ አገኘችው አሉኝ! እኔ ሌት ተቀን... እኔ ንጹሕ። ከዚያ የጊታራቸውን ሣጥን አየሁት፤ በቀይ ጥብጣብ ታስሯል። 'ይህ ምንድን ነው?' ብላቸው ሣቁና 'ነገ ታያለህ' አሉኝ። ለሷ ሊሰጧት እንደሆነ ገባኝ። ሽሮፓቸውን ጠጥተው ተኙ። ጓሮ ወረድኩ።»

ኢባ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኮንግ ፊዳሊያ፣ ሳታስበው ይመስላል፣ ክንዷን በልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

ባላሪሻ ሣጥኑን ከኮሪደር አስመጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዓርብ ማታ ከፍታ ያየችውን ነገር ልታሳየው ወይስ ልትተወው ከዋንፍራንግ ቤት ከወጣች ጀምሮ ስታወጣ ስታወርድ ውላለች። ቢቀርበት ይሻለው ይሆናል። ግን እሷ ብትሆን ማወቅ ትፈልግ ነበር።

«ሣጥኑን ተሸክመህ ስታወጣው አልከፈትከውም» አለች፤ «እርስዎ» ማለቱ ከአፏ ጠፍቶ ነበር። «ክፈተው።»

ጥብጣቡን ፈታ። ጊታሩ ላይ በአስተማሪው ቀይ እርሳስ የተጻፈ ካርድ ተቀምጧል። ዋንፍራንግ ድምፁን ሳያወጣ አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ ካርዱ ከእጁ ወደቀ። ፕሮስፐር አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ለዋንፍራንግ። ዘፈን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጊታር ለማን እንደሚሰጥ ግን አውቃለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ክርህ ሳይቃኝ መጥተህ አታውቅም። የልጅቷን ዘፈን በዚህ አጅባት። ካንተ በቀር የሚችለው የለም።»

የውጭው ብርድ ክፍሉን ሞልቶት ነበር። ባህ ኪትቦክ ካቴናውን አውጥቶ ወደ እሱ ሊራመድ ጀምሮ ቆመ።

«አንዴ» አለ ዋንፍራንግ። የራሱን ጊታር አነሣ። ያላላውን ክር በጥንቃቄ ወደ ቦታው እስኪመለስ አጠበቀው፤ ከሌሎቹ ጋር አስተያየ፤ ሐሩን ጠቀለለበት። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ይዘውት ሲወጡ ኢባ የተቀደደውን ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥታ ከላይኛው ግማሽ ጋር አጋጠመችው። ኮንግ ፊዳሊያ ሣጥኑን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችላት። «ውሰጂው» አለች። «ከምድጃው በላይ እንዳትሰቅይው እንጂ።»

ባላሪሻ ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። ዳፊራ ወዲያው አነሣች።

«ኮንግ? ምን ሆንሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ቤት ነሽ?» አለች ባላሪሻ። «ልመጣ ነው። ያን ጊታር ከግድግዳው አውርጂውና ቃኝተሽ ጠብቂኝ። ዛሬ ፊቴን ወዳንቺ አዙሬ ልሰማሽ።»